ከሻንጣው በፊት ወረቀቱ

ለዚህ ወር ያሰብኩት ጉዳይ ሌላ ነበር። ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ ወረታ ሄጄ በአክስቴ ቤት ቡና ላይ የተነሣው ጥያቄ ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ። ጥያቄው የአክስቴ ብቻ አይደለም። ልጁን፣ እኅቱን ወይም ወንድሙን ፋርማሲ አስተምሮ ባስመረቀ ቤት ሁሉ የሚነሣ ነው፤ «ውጭ አገር ብትሄድ በሙያዋ ትሠራለች ወይ?»

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ የምታገኟት፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ድሮ ፎገራ ሲባል ላሟና ወተቷ ነበር የሚነሣው፤ ዛሬ ሩዙ ቀድሟል። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ሩዙ ታጭዶ ወደ መፈልፈያ ወፍጮዎቹ ገብቶ፣ ማሳው ላይ የመስኖ ሽንኩርት በቅሎ ነበር። አክስቴና ባለቤቷ ሁለት ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚሁ ሩዝ ነው። ሁለቱም ፋርማሲስቶች ናቸው።

ታላቁ በ2001 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጥቂት ዓመት እንደሠራ ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ገባ። ታናሿ በ2013 ዓ.ም. ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ የሙያ ፈቃዷን አውጥታ ወረታ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የእሷም ልብ ወደ ውጭ ነው። አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች እንዲህ አለችኝ፤

«ልጄ፣ አንቺ ስታነቢና ስትጽፊ የምትውዪ ሰው ነሽ፤ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ወንድሟ ያጣውን እሷ ታገኘዋለች? ወይስ ልጄንም ሰድጄ ሙያዋንም ላሳጣት ነው?»

በዚያች ሰዓት ረብ ያለው መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ከሄዱትም ጋር ተነጋገርኩ። ያገኘሁትን ለእሷም ለእናንተም ላካፍል። ፍሬ ነገሩን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አንዲት ፋርማሲስት ውጭ አገር በሙያዋ መሥራት አለመሥራቷ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ከደረሰች በኋላ አይደለም። የሚወሰነው እዚሁ አገር ቤት ሳለች በእጇ ባሉት ወረቀቶች ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ

በሠርጉ ማግሥት የአክስቴን ልጅ ከሥራ ቦታዋ ልጎበኛት ሄድኩ። ፎገራ ሜዳ ላይ ወባ እንግዳ አይደለችም። አንድ ሽማግሌ የወባ መድኃኒት ታዞላቸው መጡ። «አባቴ፣ አሁን አራት ፍሬ ይውጣሉ» አለቻቸው። «ስምንት ሰዓት ያህል ቆይተው ሌላ አራት። ነገና ከነገ ወዲያ ደግሞ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት። በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት፤ ወተት ይጠጡበት። ተሽሎኛል ብለውም እንዳያቋርጡት።» ከዚያ የነገረቻቸውን መልሰው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። አንዱን ሲስቱ አረመቻቸው። ሽማግሌው መርቀዋት ወጡ።

ያን ቀን ማታ ከወንድሟ ጋር በስልክ አወጋን። እሱ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአንድ ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሽያን ሆኖ ይሠራል። መድኃኒት ይቆጥራል፣ ያሽጋል፣ ስልክ ያነሣል። ያየሁትን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፤ «በቀደም አንዲት የአገራችን እናት መጥተው ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው ጠየቁኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ቴክኒሽያን ታካሚን ማማከር አይፈቀድለትም። ፋርማሲስቷን ጠራኋት፤ እሷ በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። እናትየው አመስግነው የሄዱት እኔን ነው።»

እንጀራ የሚገኝበት ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፤ እሱም በሥራው አያፍርም። ቤተሰቡንም ያስተዳድርበታል። ይሁን እንጂ የተማረውን ሙያ ከዐሥር ዓመት በላይ በእጁ ይዞ አለመሥራት ምን እንደሚመስል ከድምፁ ሰማሁት።

አንድ ዓመት ያጎደለው

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሄዶ ፋርማሲስት ያልሆነው በስንፍና አይደለም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የብዙ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ነውና።

በአሜሪካ ለፋርማሲስት ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ ነው። ከሌላ አገር የተመረቀ ሰው ግን ወደ ስቴቱ ቦርድ ከመድረሱ በፊት የብሔራዊ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር፣ በአጭሩ «ኤን.ኤ.ቢ.ፒ.»፣ የሚሰጠውን «ኤፍ.ፒ.ጂ.ኢ.ሲ.» የተባለ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይጠበቅበታል። የዚህ ምስክር ወረቀት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመት ተማርክ?» የሚል ነው። እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1995 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ለተመረቀ ሰው የ4 ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ይበቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተመረቀ ግን ቢያንስ 5 ዓመት መሆን አለበት።

እንግዲህ የእኛን አገር አስታውሱ። የመጀመሪያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ መሰናዶ ወርዶ በነበረበት ዘመን የፋርማሲ ዲግሪ በ4 ዓመት ይጠናቀቅ ነበር። ኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ተሻሽሎ፣ ታካሚን ማማከርና የሆስፒታል ልምምድ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቷቸው 5 ዓመት ሆነ። የአክስቴ ልጅ የተመረቀው በዚያ የ4 ዓመት ዘመን ነው። ማንም አላጠፋም፤ እሱም አላጠፋም። ግን ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ይህን ቢያውቅ ኖሮ አሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። አሁን በአሜሪካ ፋርማሲስት ለመሆን ያለው መንገድ እዚያው አገር የዶክተር ኦፍ ፋርማሲ ትምህርት ገብቶ እንደገና መማር ነው። ሁለት ልጆችና የቤት ኪራይ ላለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ታናሿ የ5 ዓመት ተማሪ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ለእሷ ክፍት ነው። ይህንን ለአክስቴ ስነግራት እልል ልትል ነበር። «ቆዪ አክስቴ፣ ገና በሩ ላይ ነን» አልኳት።

አገር በአገር ስናየው

አሜሪካ። ፋርማሲስቷ ዲግሪዋና ትራንስክሪፕቷ «ኢ.ሲ.ኢ.» በሚባል የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ይመረመራሉ። በአገሯ ያለ ገደብ የመሥራት የሙያ ፈቃድ እንዳላት ማሳየት አለባት። ቀጥሎ ከፋርማሲ ትምህርት የተውጣጣውን ትልቁን ፈተና፣ ማለትም «ኤፍ.ፒ.ጂ.ኢ.ኢ.»ን ትፈተናለች። ቶፍል የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተናም እንዲሁ። ብዙዎቹን የሚጥለው የሳይንሱ ፈተና አይምሰላችሁ። በመናገር ክፍሉ ለብዙ ዓመታት የተጠየቀው ከ30 ቢያንስ 26 ነበር፤ ጥሩ እንግሊዝኛ አለን የሚሉ ሁሉ እዚህ ላይ ሁለት ሦስቴ ተመላልሰዋል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የስቴቱ ደረጃ ይመጣል፤ በፋርማሲስት ሥር የሚሠራ ልምምድ (በብዙ ስቴቶች 1,500 ሰዓት ገደማ)፣ «ናፕሌክስ» የተባለው የፈቃድ ፈተና፣ እንዲሁም የፋርማሲ ሕግ ፈተና።

እንግሊዝ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ፋርማሲስትን የሚመዘግበው ጄኔራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል ነው። ከአውሮፓ ውጭ የተመረቀ ሰው አስቀድሞ ማስረጃው ይገመገማል። ከዚያ «ኦስፓፕ» የተባለውን የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይወስዳል። ቀጥሎ የ52 ሳምንት የሥራ ላይ ሥልጠና፣ በመጨረሻም የምዝገባ ፈተና አለ። በአይኤልትስ በአራቱም ክፍል፣ ማለትም በማንበብ፣ በመጻፍ፣ በማዳመጥና በመናገር፣ ከ7 ያላነሰ ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ አማካዩ 7 መሆኑ አይበቃም። እንግዲህ ሁሉም ቢሳካ እንኳ ከትምህርቱ መጀመሪያ እስከ ምዝገባ ሁለት ዓመት ያልፋል፤ የዩኒቨርሲቲውን ክፍያም ራሷ ናት የምትችለው።

ካናዳ። ከኩቤክ በስተቀር በሌሎቹ ግዛቶች የካናዳ የፋርማሲ ፈታኝ ቦርድ መንገድ ያስኬዳል። በቅድሚያ የሰነድ ግምገማ፣ ቀጥሎ መመዘኛ ፈተና፣ ከዚያ ሁለት ክፍል ያለው የብቃት ፈተና። ሁለተኛው ክፍል የተግባር ነው። ተፈታኟ ታካሚ መስለው ከሚቀርቡ ሰዎች ጋር ተነጋግራ ትመዘናለች። ወረታ ላይ ከሽማግሌው ጋር ያየሁት ዓይነት ማማከር ማለት ነው፤ ቋንቋው ብቻ ይለያል። ከዚያ በኋላ ግዛቱ በበኩሉ የሥራ ልምምድ፣ የሕግ ፈተናና የቋንቋ ማስረጃ ይጠይቃል።

የዓረብ አገሮች። ሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግበው የሳዑዲ የጤና ስፔሻሊቲዎች ኮሚሽን ነው። በኤምሬቶች ደግሞ ዱባይ፣ አቡ ዳቢና ሌሎቹ ኤምሬቶች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ይመራሉ። የሚያመሳስላቸው ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና ነው። ሌላው ማስረጃን ከምንጩ ማረጋገጥ፣ ብዙዎች በድርጅቱ ስም «ዳታፍሎው» የሚሉት ነው። ድርጅቱ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና ለቀድሞ ቀጣሪዎች በቀጥታ እየጻፈ «ይህ ወረቀት የእናንተ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳዑዲ ዓረቢያ በፋርማሲ ሥራ ላይ የራሷን ዜጎች ድርሻ እያሳደገች መምጣቷንም ማወቅ ደግ ነው። የትናንቱ ገበያ የዛሬው አይደለም።

አንድ ነገር ላስምርበት፤ ቪዛና የሙያ ምዝገባ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ዲቪ የደረሰው፣ በትዳር የሄደ፣ በትምህርት የሄደ ሰው የመጀመሪያውን በር አልፏል እንጂ ሁለተኛውን አላንኳኳም።

ፋይሉ ውስጥ ምን ይግባ?

የአገሮቹ ደንብ ይለያይ እንጂ የሚጠይቋቸው ወረቀቶች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ወዴት እንደምትሄድ ገና ያልወሰነች ፋርማሲስት እንኳ ከዛሬ ጀምራ ልትሰበስባቸው ትችላለች። በቤታችሁ ያለ ወጣት ካለ ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ስጡት።

አንደኛ፣ ኦሪጂናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። እጃችን ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ለውጭ ምዝገባ አይሆንም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚላከው ከሬጅስትራር ታሽጎ፣ በቀጥታ ወደ ጠያቂው መሥሪያ ቤት ነው። ለዚህ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ መከፈል አለበት። ከደመወዝ እየተቆረጠ ያልተከፈለ ከሆነ፣ በተለይ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ራሱ ካልተከታተለ፣ ዕዳው ዓመታት ጠብቆ የመሄጃው ሰሞን ይመጣል። የአክስቴ ልጅ ይህንንም ከአሜሪካ ሆኖ በሰው በሰው ነው የጨረሰው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሚኬድበት አገር ኤምባሲ ማኅተም የሚያርፍበት ሰነድ አለ። የትኛው አገር የትኛውን እንደሚፈልግ ቀድሞ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የጸና የሙያ ፈቃድ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ የሚያገኙት የብቃት ምዘና ፈተና እያለፉ ነው። ፈቃዱ ከወጣም በኋላ ይታደሳል፤ እድሳቱም ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር የተያያዘ ነው። የሥልጠና የምስክር ወረቀቶችን አትጣሉ። ፈቃዱ ካለፈበት በኋላ ከውጭ ሆኖ ማሳደስ ከባድ ነው።

አራተኛ፣ «ጉድ ስታንዲንግ» የሚባለው ደብዳቤ። ባለሙያዋ በሥነ ምግባር ጥፋት ያልተቀጣች፣ ፈቃዷም ያልታገደ መሆኑን ፈቃድ ሰጪው አካል የሚመሰክርበት ነው። ይህ ደብዳቤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቀድሞ አይወጣም፤ የሚፈለግበት ጊዜ ሲቃረብ ይጠየቃል።

አምስተኛ፣ የሥራ ልምድ። የሥራው መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሙሉ ቀን ወይም ግማሽ ቀን የሚለው ሁሉ በግልጽ ተጽፎ፣ ማኅተምና ስልክ ያለው መሆን አለበት። መድኃኒት ቤት ይዘጋል፣ ባለቤት ይቀየራል። ከአንድ ቦታ ስትለቁ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ያዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደውለው ሲያረጋግጡ ስልኩን የሚያነሣ ሰው መኖር አለበት።

ስድስተኛ፣ ስምና ቀን። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ፋይል የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «ቅድስት» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዲግሪው ላይ በ«ኬ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ኪው» ከጀመረ፣ ለፈረንጁ ሁለት ሰዎች ናችሁ። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለም እንዲሁ። የልደትና የምረቃ ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲመለስ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መጨመር እየተዘነጋ ስንት ሰው ዓመቱ ተዛብቶበታል። ሰነዶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሚታረመውን አሁን አሳርሙ።

ከሁሉም በመጨረሻ የቋንቋ ፈተናው ይምጣ። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ወረቀቱ ሳይሟላ ቀድማ የተፈተነች ልጅ ወረቀቱ ሲደርስ ውጤቷ ያልፍባትና እንደገና ትከፍላለች።

«እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ

ይህ ሁሉ ሲነገር ከሰው መሐል አንዱ ተነሥቶ «አታስቢ፣ እኔ የማውቀው ሰው አለ» ማለቱ አይቀርም። በአክስቴ ቤትም አንድ ዘመድ እንዲህ ብሎ ነበር። የምታውቁት ሰው የሚያውቀው ሰው የሙያ ፈቃድ ሊገዛላችሁ አይችልም። ፈተናውን የምትፈተነው ራሷ፣ ክፍያውን የምትከፍለውም በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ናት። የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስገባ ሰው ማስረጃው ከምንጩ ሲጣራ ይጋለጣል። ስሙም በዚያው መዝገብ ላይ ይቀራል። ባልሠራችው አንድ ዓመት ምክንያት የሠራቻቸውን አምስት ዓመታት ታጣለች።

ሌላም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የበረታባቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ዝርዝር ውስጥ ከ55ቱ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እንግሊዝም በዚህ መሠረት ቀጣሪዎቿ ወደነዚህ አገሮች መጥተው ባለሙያ እንዳይመለምሉ የሥነ ምግባር ደንብ አላት። አንድ ባለሙያ በራሱ ተነሣሽነት ማመልከቱን ግን ደንቡ አይከለክልም። ስለዚህ አንድ ደላላ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ፋርማሲስት ልቀጥር ልኮኛል» ቢላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። ወደ ዓረብ አገር በኤጀንሲ የሚሄድም ቢሆን ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጥ ፓስፖርቱን አይስጥ።

ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይምከር

እስካሁን ያወራነው ስለ ፋርማሲስቷ ነው። ውሳኔው ግን የቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንመክር ያነሣናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልተውላችሁ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ክፍያዎቹ በዶላር ወይም በፓውንድ ናቸው። ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ በአጭር ጊዜ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር አልፏል። አንድ ፈተና ወድቆ መድገም ማለት በቤታችሁ ስንት ኩንታል ሩዝ፣ ስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ አስሉት። ክፍያው በየጊዜው ስለሚለወጥ ከሰው ወሬ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ከራሱ አረጋግጡ። በአንድ ጊዜ ሁሉን ሸጦ ከመነሣት ደረጃ በደረጃ መሄድ ይሻላል፤ ማስረጃው ተገምግሞ «ብቁ ነሽ» የሚል መልስ ሳይመጣ ላሚቱም ቦታውም አይሸጡ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ ፈቃድ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይሄዳል። በዚህ መሐል ትዳር አለ፣ ልጅ አለ፣ የታመመ ወላጅ አለ። ባለትዳር ከሆነች ማን ይቀድማል? ልጆቹ ከማን ጋር ይቆያሉ? ልምምዱን በምትሠራበት ጊዜ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሄደች በኋላ በስልክ ሲነሡ ጠብ ይሆናሉ፤ ከመሄዷ በፊት በቡና ላይ ሲነሡ ምክር ናቸው።

ሦስተኛው የማይወደደው ጥያቄ ነው። ባይሳካስ? ቴክኒሽያን ሆና ብትቀር ትችለዋለች ወይ? ወንድሟ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በእኛ ቤት የዲቪ ወረቀት ሲመጣ እልልታ እንጂ ጥያቄ አይጠየቅም። እሱ ግን ለእኅቱ ጠየቃት። እሷም አስባበት መለሰች፤ «ሙያዬን ከማጣ እዚሁ ወረታ ባንኮኒዬ ጀርባ ብቆይ ይሻለኛል። ሁለቱንም ማግኘት ከቻልኩ ግን እሞክራለሁ።» እኔ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። መቅረትም መሄድም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳያውቁ መሄድ ነው።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስና ላብቃ። «ወንድሟ ያጣውን እሷ ታገኘዋለች ወይ?» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውዬ መለስኩላት፤ ታገኘው ዘንድ መንገዱ አላት፣ ግን ረጅም ነው፣ የሚጀምረውም ከጎንደር ሬጅስትራር እንጂ ከቦሌ አይደለም። እሷም በበኩሏ ወሬ ነበራት። ልጅቷ የወጪ መጋራት ዕዳዋን ለመጨረስ ጀምራለች፤ ለወንድሟ የሰነዶቿን ፎቶ ልካለት ስሟን ፊደል በፊደል ሲያመሳክሩ አምሽተዋል። አንዱ ሰነድ ላይ የአያቷ ስም በአንድ ፊደል ተዛብቶ ተገኝቷል፤ ለማሳረም ልትሄድ ነው። የመጀመሪያውን የማስረጃ ግምገማ ክፍያ ወንድሟ ከዚያው ሊከፍልላት ቃል ገብቷል።

«ሻንጣ ልገዛላት አስቤ ነበር» አለችኝ አክስቴ እየሳቀች።

«ሻንጣው ይቆይ አክስቴ» አልኳት። «ለጊዜው ጥሩ ፋይል ግዢላት።»

እናንተም ዛሬ ማታ የልጃችሁን፣ የእኅታችሁን ወይም የራሳችሁን ሰነድ አውጡና ተመልከቱ። ስሙ ይመሳሰላል? ፈቃዱ አላለፈበትም? ዕዳው ተከፍሏል? ሦስቱንም «አዎ» ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ በያላችሁበት ደኅና ሁኑልኝ።